የሳሙና ፋብሪካው በረኛ

ኳስ አልወድም። ይኼን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። «በኳስ ቤት አድገሽ እንዴት?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። በኳስ ቤት ስላደግኩ ነዋ! ትናንት እንኳ አጎቴን ልጠይቅ ብሄድ፣ ከትራሱ ቀና ብሎ ስለ ጤናው ሳይሆን ስለ ክለቡ አዲስ በረኛ ጉልበት ሲያወራኝ ዋለ። መድኃኒቱን ዋጥ አድርገው ስለው፣ «ቆይ እስቲ፣ ፍጹም ቅጣት ምቱ ላይ ደርሻለሁ» ይለኛል። ሽማግሌ ነው እኮ! ሐኪሙ «እንዳታናድዱት» ብሎናል፤ እሱ እኔን እንዳያናድደኝ ግን ማንም አልነገረው።

ያደግኩት በዚህ ሰውዬ ቤት ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ልብስ ሰፊ። መንገድ ዳር ያለው ፊተኛው ክፍል የስፌት ቤቱ ነበር፤ እኛ፣ ማለትም እናቴ፣ አባቴና እኔ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ክፍል እንኖር ነበር። እናቴ ቀን ቀን ከወንድሟ ጋር ትሰፋለች። ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መምታት የእሷ ሥራ ነበር። አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «አሰልጣኙ» ነው የሚለው። በዕድሜው አንድም ቡድን አሰልጥኖ አያውቅም። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፣ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ ክለባችንን ሲያሰልጥን ይውላል።

ክለባችን የሳሙና ፋብሪካው ክለብ ነበር። አጥቂ አለው፣ ተከላካይ አለው፣ በረኛ ግን የለውም። አለው እንጂ፣ ሁለት አለው፤ ጣጣው እሱ ነበር። አንደኛውን «ቁም ሳጥን» ይሉታል። አናቱ የጎሉን አግዳሚ ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ግን ካቆሙት ቦታ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው «ፌንጣ» ነው። እሱ ደግሞ ኳሱ ሳይመታ ይዘላል። ኳሱ በግራ በኩል ሲገባ፣ ፌንጣ በቀኝ በኩል ወድቆ አቧራውን ሲያራግፍ ታገኘዋለህ።

«ቁም ሳጥን ይሻላል» ይላል አጎቴ። «ቢያንስ ኳሱ ራሱ መጥቶ ይመታዋል።»

«ፌንጣን አሰልፉና እዩ!» ይላል ሾፌሩ። ሾፌሩ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ተራው እስኪደርስ አውቶቡሱን ጥግ አቁሞ እኛ ቤት ይገባና ክርክሩ ውስጥ ይሰምጣል። ተሳፋሪዎቹ ሲሰለቻቸው ራሳቸው ጡሩምባውን እየነፉ ይጠሩታል።

«ፌንጣን? ባለፈው ዘሎ ከመረቡ ጀርባ አይደለ እንዴ ያረፈው!»

«ወጣት ነው፣ ይማራል።»

«እስኪማር እኛ እንለቅ!»

ከዚያ አጎቴ መርፌውን ከከንፈሩ ያወጣና ያቺን ቀልዱን ይደግማታል። «የሳሙና ፋብሪካ በረኛ እጁ ቢያዳልጥ ምን ይገርማል?» ሁሉም አዲስ እንደሰማ ሰው ይስቃል። በየቀኑ! ያቺን ቀልድ በየቀኑ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ ከዚያ ኳስ ውደጂ ትሉኛላችሁ።

ሦስተኛው ሰው ምንጩ ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ማንኛውንም ወሬ «ከታማኝ ምንጭ የሰማሁት» ብሎ ስለሚጀምር ስሙ ምንጩ ሆኖ ቀረ። የሲሚንቶ ፋብሪካው ክለብ ጎበዝ በረኛ ነበረው፤ ያ በረኛ በምንጩ አፍ ስንቴ ወደኛ ክለብ እንደመጣ አምላክ ይቁጠረው። ፈርሟል፣ ሊፈርም ነው፣ እስክሪብቶው ቀለም ጨርሶ ነው፣ ሚስቱ እንቢ ብላ ነው። አንድ ጊዜ «ሻንጣውን አይቻለሁ» ብሎን ነበር። ሰውየው ግን ዝርም አላለም።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። በፋብሪካው ሌሊት መሣሪያ ይዞ የሚዞረው ዘበኛ ይባላል፤ ቀን ትልቁን የብረት በር የሚከፍትና የሚዘጋው ደግሞ በረኛ ነው። አባቴ በረኛ ነበር። ስለዚህ የሳሙና ፋብሪካው ሁለት ዓይነት በረኛ ነበረው፤ አንዱ ኳስ የሚያስገባ፣ አንዱ ሰው የሚያስገባ። ይኼም የአጎቴ ቀልድ ነው።

ክፍላችን ሌላ መግቢያ አልነበረውም። አባቴ ማታ ከሥራ ሲመለስ በስፌት ቤቱ መሃል፣ በክርክሩ መሃል ማለፍ ነበረበት። ካኪ ለብሶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ይገባል። አጎቴ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያች ሰዓት ላይ ነው የሚብስበት።

«በረኛ ምን ሥራ አለው? አንድ ቦታ ቆሞ ደሞዝ መብላት ነው!» ይላል ስለ ቁም ሳጥን። ከዚያ አባቴን ያየዋል። «አማች! አንተም በረኛ አይደለህ? እስቲ ፍረደን!»

ይሳቃል። አባቴም ፈገግ ይልና መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ይገባል። እኔ ታዲያ እኮራበት ነበር። እንደሌሎቹ የማይጮህ፣ የማይከራከር፣ ኳስ የሚገባው ግን ዝም የሚል ጨዋ ሰው አድርጌ ነበር የማስበው። አሁን ሳስበው ነው የሚቆጨኝ። ሰው በገዛ ቤቱ መግቢያ ላይ በየማታው ሲሳቅበት፣ ያውም ቤቱ የራሱ ሳይሆን የሚስቱ ወንድም ቤት ሲሆን፣ ከፈገግታ ሌላ ምን ያድርግ?

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ምንጩ እየሮጠ ገባ። የፋብሪካው አስተዳደር ቢሮ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ ሳለ፣ ጸሐፊዋ በስልክ ስታወራ ሰምቶ፣ መሰላሉንም አምፖሉንም ትቶ ነው የመጣው። ጸሐፊዋ እስከ ነጋታው በጨለማ ሠርታለች አሉ።

«በረኛው ዝውውር ጠየቀ!» አለ ትንፋሽ አጥሮት።

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«የትኛው በረኛ?» አለ አጎቴ።

«የፋብሪካው በረኛ ነው ያለችው፣ በጆሮዬ! ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ። ባሕሩ ዳር ወደተከፈተው።»

«እዚያ ደግሞ ክለብ አላቸው እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«ሊያቋቁሙ ነዋ! ለዚያ አይደል እንዴ የሚወስዱት!»

በቃ፣ አለቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባሕሩ ዳር ክለብ ተቋቋመ፣ ማሊያው ሳይቀር ቀለሙ ታወቀ።

«ቁም ሳጥን ነው» አለ አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ። «ፌንጣን ማን ይፈልገዋል? የወሰዱብን ቁም ሳጥንን ነው። እንደሱ ያለ በረኛ ከየት ይመጣል!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ትናንት «ግንድ» ሲለው አልነበረም? ልጅ ብሆንም በሸቅኩ። ሰው ሊሄድ ነው ሲባል ነው እንዴ የሚወደደው?

እናቴ ጥጓ ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። መርፌው ጣቷን ወጋትና ጣቷን ምጥጥ አደረገችው።

«ራሱ ነው የጠየቀው?» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እናቴ ስለ ኳስ ጠይቃ አታውቅም። የእሷ ድርሻ «ጫማችሁን ጥረጉ» እና «ድምፃችሁን ቀንሱ» ነበር።

«ራሱ ነው» አለ ምንጩ፣ አዲስ አድማጭ በማግኘቱ ደስ ብሎት። «በገዛ ፈቃዱ ብላለች።»

«ቤተሰቡስ?»

ሾፌሩ ሳቀ። «የምን ቤተሰብ? ቁም ሳጥን ወንደላጤ ነው እኮ!»

«ይዟቸው ነው የሚሄደው ወይስ ጥሏቸው?» አለች፣ ያልሰማች ይመስል።

«አይ እቴ! ወንደላጤ ነው አልንሽ!» አለ አጎቴ። «ደግሞ ኳስ እንዲህ አይወራም። ካልገባሽ ዝም በይ።»

እኔም አፈርኩላት። ወንደላጤ መሆኑን እንኳ የማታውቅ! ለእነሱ በረኛ ሲባል ሁለት ሰው ነበር፣ ቁም ሳጥንና ፌንጣ። ለእናቴ አንድ ነበር። ይኼን የነገረችኝ ካገባሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የታየኝ ኳስ የማይገባት ሴትዮ ብቻ ነበረች።

ማታ እራት ቀርቦ ተቀመጥን። ከመጋረጃው ወዲያ አጎቴ ብቻውን ከቁም ሳጥን ጋር ይነታረካል።

«በረኛው ሊሄድ ነው ይባላል» አለች እናቴ ዳቦ እየቆረሰች።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ይባላል?»

«ይባላል። እውነት ነው?»

«ገና አልተፈረመም።»

«ከሰው አፍ ከምንሰማው፣ ራሱ በረኛው ቢነግረን ምን ነበረበት?»

«አንድ ቦታ ቆሞ ደሞዝ የሚበላ ሰው» አለ አባቴ ዝግ ብሎ፣ «ሄደ ቀረ፣ ለማን ምን ይጎልበታል?»

«የሚጎልበት አለ።»

«ካለ አፍ አውጥቶ ይናገራላ። ይኼን ሁሉ ዓመት በዚያ በር ሲገባ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ‹ተው እንጂ› ብሎለት አያውቅም።»

እናቴ አቀረቀረች። ያ «አንድ ሰው» እሷ መሆኗን ያወቀች ያን ጊዜ ነው። በወንድሟ ጣሪያ ስር እየኖረች ወንድሟን «ባሌን ተወው» ማለት ከብዷት ዓመታት አልፈዋል።

«ሰው ሁሉን ነገር በአፉ መናገር አይሆንለትም» አለች ኋላ ላይ።

«ታዲያ በምን ይናገር?»

እናቴ የቆረሰችውን ዳቦ እሱ ፊት አኖረች። እኔ ነገሩ አላማረኝም፤ ደግሞ ጨዋታው ውስጥ መግባት አማረኝ። «አባዬ፣ ቁም ሳጥን ከሄደ ፌንጣ ይሰለፋል አይደል?» አልኩ። ሁለቱም እንደ እንግዳ ሰው አዩኝ። ከዚያ አባቴ ሳሙና በሚሸት እጁ ራሴን ዳበሰኝና ሳይበላ ተነሳ። እኔ ደግሞ እናቴን አኮረፍኳት። በዚያ ቤት ኳስ የማታወራ አንድ ጤነኛ ሰው ነበረች፤ እሷም ተለከፈች።

አጎቴ በነጋታው አወጀ። «ቁጭ ብለን አናይም! ሰልፍ እንወጣለን!» ዓርብ ሠራተኛው ሲለቀቅ፣ ሥራ አስኪያጁ በመኪናው ሲወጣ፣ ፋብሪካው በር ላይ መፈክር ይዘን እንቆማለን ተባለ። ለመፈክሩ ቃል ስንት ጭቅጭቅ! ምንጩ የክለቡን ታሪክ በሙሉ ሊያስጽፍ ፈለገ። ሾፌሩ «ከሄደም ፌንጣን አሰልፉ» የሚል ይጨመርበት አለ፤ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። በመጨረሻ አጎቴ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ በጠመኔ ጻፈ። «በረኛችን አይሂድ!»

ፊደሉን ከቀይ ጨርቅ ቆርጦ አንሶላው ላይ መስፋት ለእናቴ ተሰጠ። መቼም ጩኸቱ የእነሱ፣ ስፌቱ የእሷ ነው። እሷ ግን አንድ ቃል ሳታጉረመርም ተቀበለች። ጥልፍ እንደምትጠልፍ ሰው አጎንብሳ፣ እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ እየዞረች ሰፋችው። አጎቴ ባየ ቁጥር «አያችሁ! እህቴ ደጋፊ ሆነች!» እያለ ይፎክራል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንሶላው ተዘረጋ። እኔ ማንበብ የጀመርኩበት ሰሞን ነበር፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የአውቶቡስ ጎን፣ ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጣቴን እየቀሰርኩ ጀመርኩ።

«በ-ረ-ኛ-ች-ን... አ-ት-ሂ-ድ። እማዬ! ተሳስተሻል! ‹ይ› ነው እኮ፣ ‹ት› አደረግሽው!»

እንዴት እንደኮራሁ! ዛሬ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ፤ ሰው የጻፈውን እያረምኩ፣ በየገጹ እየተበሳጨሁ ነው እንጀራዬን የምበላው። በሕይወቴ የለቀምኩት የመጀመሪያው ስህተት ያ ነበር። ስህተት ደግሞ አልነበረም።

የአጎቴ መቀስ ከእጁ ወደቀ። «ምን? ውይ! ውይ ውይ ውይ! ‹አትሂድ›? ማንን ነው አትሂድ የምንለው? ሥራ አስኪያጁን ነው እንዴ? ‹አይሂድ› ብዬ አልነበር የጻፍኩልሽ?»

«ጠመኔው ጠፍቶ ነበር» አለች እናቴ ረጋ ብላ።

«ፍቺው!»

«ቀዩ ጨርቅ አልቋል። ሰዓቱም ደርሷል።»

«መሳቂያ ልታደርጊን ነው! አንዲት ፊደል እንኳ...»

«ተዋት በናትህ» አለ ሾፌሩ። «ከሩቅ ያው ነው። ማን ልብ ይለዋል?»

በዚህ መሃል ውጭ ጡሩምባው መጮህ ጀመረ፤ ተሳፋሪዎቹ ሾፌሩን እየጠሩ ነው። አንሶላው ከተወጠረባቸው ሁለት እንጨቶች አንዱን የሚይዘው እሱ ነበር። እናቴ ተነሳች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ እንጨቱን ከእጁ ወሰደች።

«እኔ እይዘዋለሁ። አንተ» አለችው ወንድሟን፣ «ያንን ጫፍ ያዝ። ከፍ አድርገህ።»

አጎቴ እያጉረመረመ ያዘ።

ፋብሪካው ጋ ስንደርስ የሰፈሩ ሰው ተከትሎን መንገዱ ሞልቶ ነበር። «በረኛችን! በረኛችን!» ይባላል። እኔ ከእናቴ ቀሚስ አጠገብ ነኝ። የሳሙናው ሽታ አየሩን ሞልቶታል። አባቴ ካኪውን ለብሶ በሩ ፊት ቆሟል። ሰዉን ሲያይ ቆቡን አጠበቀና እንደ ደንቡ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ቁሙ! ከዚህ ማለፍ...»

አልጨረሰውም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ልክ እንደኔ ፊደል በፊደል ነበር የሚያነበው። «ት»ዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ። ከዚያ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ተከትሎ አየና እናቴን አገኘ። ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም፤ አፍጥጣ ታየዋለች። ሌላውን ጫፍ ተከትሎ ሲያይ ደግሞ አጎቴን አገኘ፤ በእግሩ ጣት ቆሞ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ የሚዘረጋ አጎቴን። ከኋላ ሰዉ ሁሉ «በረኛችን! በረኛችን!» ይላል።

አባቴ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ አለቀሰ። እዚያው በሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው።

እኔ ግን መናደዴ! አባዬም? ለቁም ሳጥን ብሎ?

«አማች፣ ምን ሆንክ?» አለ አጎቴ።

«ማን ነገራችሁ?» አለ አባቴ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ለማንም ሳልናገር... ዝውውር መጠየቄን ማን ነገራችሁ?»

አጎቴ አፉን ከፈተ። አባቴን አየ። አንጋጦ አንሶላውን አየ፤ ከኋላ ሆኖ በግልባጩ ነው ያነበበው። ከዚያ እናቴን አየ። የእናቴ ዓይን ትንፍሽ ብትል ወዮልህ ነበር የሚለው። የአጎቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ፤ ፀሐዩ መስሎኝ ነበር። ያ አፉ የማይዘጋ ሰውዬ አፉን ዘጋ።

«ከታማኝ ምንጭ ነው የሰማነው» አለ።

«እኔ ነኝ!» አለ ምንጩ ከኋላ፣ ደረቱን ነፍቶ። ምስኪን፣ አንድ ቀን እውነት ይዞ መጣ፤ እሱንም ሳያውቀው።

«አንተም?» አለው አባቴ አጎቴን። «አንተም ይዘህ መጣህ?»

«ክንዴ ሊገነጠል እኮ ነው!» ብሎ ጮኸበት አጎቴ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። «አትሂድ ተብለሃል፣ አትሄድም! አለቀ! አሁን ይኼን እንጨት ላውርደው ወይስ ቆሜ ልሙት?»

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ «‹ት›ዋን ሆን ብለሽ ነው» ሲላት ሰማሁ።

«ጠመኔው ጠፍቶ ነበር አልኩህ» አለችው።

አባቴ በማግስቱ የዝውውር ጥያቄውን ሰረዘ። ቁም ሳጥን የትም ሊሄድ አስቦ አያውቅም፤ ያ ሁሉ ሰው ለእሱ ብሎ ወጣ ሲሉት ግን ልቡ አበጠ። የዚያን እሑድ ጨዋታ ላይ ለደጋፊው እጁን እያውለበለበ ሳለ ጎል ገባበት። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ከዚያም ሌላ። ማታ አጎቴ ስፌት ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ።

«ምነው በሄደልን! ይኼ በረኛ አይደለም፣ ይኼ...»

አባቴ ያን ጊዜ ገባ። አጎቴ ቃሉን ከአፉ መለሰው። ከስፌት መኪናው ተነሳ፣ አባቴ እንዲያልፍ ወንበሩን ጎተተለት።

«የኳሱን ማለቴ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት በረኛ ተሰድቦ «የኳሱን ማለቴ ነው» ሳይባል ያለፈበት ጊዜ የለም። አባቴ እየሳቀ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ይለዋል። ስንት ዓመት! ያቺ ደግሞ በተራዋ አሰለቸችኝ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ትናንት አጎቴ ፍጹም ቅጣት ምቱን ተርኮ ሲጨርስ፣ ያን አዲሱን በረኛ መራገም ጀመረ። «እጁ ሳሙና! ቆሞ ደሞዝ የሚበላ! ይኼ በረኛ ዛሬውኑ ነው መባረር ያለበት!» እኔ ውሃውንና ኪኒኑን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ክንዴ ዝሏል፤ ትዕግሥቴ አልቋል። ድንገት አንገቱን አዙሮ ወደ መግቢያው አየ፤ ወደዚያ አባቴ ቆቡን ይዞ ይገባበት ወደነበረው።

«የኳሱን ማለቴ ነው» አለ ለበሩ።

መልስ የሚጠብቅ ይመስላል።

«ገብቶታል፣ አጎቴ» አልኩት።

ኪኒኑን ተቀበለኝና ዋጠው።